ጥርስ ያወጣ ቂም

የአክስቴን ሕመም ከሐኪሙ ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ስስቅ በሩ የተገነጠለ ቤት እመስል ነበር። ሐኪሙ ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ፣ ማሽን አስተክሎ፣ መብራት አስጠፍቶ የደረሰበትን ነገር እኔ በሁለት ጆሮዬ ብቻ ደረስኩበት። ይህን ስል የሚስቅ ይስቃል። ታሪኩን ከጥግ እስከ ጥግ የሚያውቁት ከእኔ ሌላ ሁለት ሴቶች ናቸው። ሁለቱም አሁን ከጀርባዬ ተቀምጠው እየሰፉ ነው፤ የምጽፈውን ስላላዩት ገና አልተቃወሙኝም።

ቤታችን ያኔም እንደ አሁኑ ሁለት ክፍል ነበር። ከኋላ እንኖራለን፣ ከፊት እንሰፋለን። እንሰፋለን ስል እናቴና አክስቴ ማለቴ ነው፤ እኔ የወደቀ መርፌ በማግኔት የምለቅም ባለሥልጣን ነበርኩ። ሁለቱ የስፌት መኪናዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ እህትማማቾቹ ቀኑን ሙሉ ጀርባና ጀርባ ናቸው። በዚያ ሰሞን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይዘው ስለነበር ቤቱ ሁሉ ሰማያዊ ነበር። ወለሉ ላይ ሰማያዊ ቁርጥራጭ፣ ሻይ ውስጥ ሰማያዊ ክር፣ አክስቴ ቅንድብ ላይ ሰማያዊ ብናኝ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ያኔ አላገባችም፤ ግን አንድ የቧንቧ ሠራተኛ በየሳምንቱ ያንኑ ሱሪ ለማሳጠር ያመጣ ነበር። በዚህ አያያዙ ሱሪው ቁምጣ ይሆናል ብዬ እሰጋ ነበር እንጂ ሰውዬው ለምን እንደሚመላለስ አልገባኝም። አክስቴ ልጅ ትወዳለች። ዩኒፎርም ሊለኩ የሚመጡ ሕፃናትን ከልካቸው በላይ ስታገላብጥ እናቴ፣ «ለኪያቸው እንጂ አትቀምሻቸው» ትላታለች።

ጸባቸው በመቀስ ተጀመረ። እኔ በመቀስ የተጀመረ መስሎኝ ነበር ልበል። እናቴ የጨርቅ መቀሷን ከዓይኗ ብሌን ለይታ አታየውም። በዚያ መቀስ ወረቀት መቁረጥ በቤታችን ሕግ ሰው እንደመግደል ነው፤ ስለቱ ይሞታል። አክስቴ አንድ ጠዋት ሳታስተውል የወረቀት ልክ ቆረጠችበት።

«በጨርቅ መቀስ? ወረቀት?»

«አላየሁትም።»

«ምኑን ነው የምታዪው? የራስሽን ነገር ማየት ያቃተሽ ሰው!»

«የራሴን ነገር ለራሴ ተዪው።»

«አልተወውም! እማማም ተዉኝ፣ ተዉኝ፣ እንዳለች...» እናቴ እዚህ ላይ አቆመች፤ መቀሱን በጨርቅ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

አሁን ሳስበው በዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ ስለ መቀስ የተባለው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያኔ ግን እኔ ያየሁት መቀሱን ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ መነጋገር አቆሙ። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ መኳረፊያ ቦታ የለም፤ ስለዚህ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ።

«ለአክስትሽ ንገሪያት፣ ሻይ ቀርቧል በያት» ትላለች እናቴ። አክስቴ የተቀመጠችው እጇን ብትዘረጋ በምትደርስበት ቦታ ነው።

«አክስቴ፣ ሻይ ቀርቧል።»

«ለእናትሽ ንገሪያት፣ ደንቆሮ አይደለሁም በያት።»

«እማ፣ ደንቆሮ አይደለሁም።»

«አንቺን ደንቆሮ ማን አለሽ?»

«እኔን አይደለም፣ እሷን...»

«እሷንስ ማን አላት?»

እንዲህ ሆነን ከረምን። በመሀል የአክስቴ ወገብ መስፋት ጀመረ። ቀሚሶቿን በጎን በጎናቸው እየለቀቀች ታሰፋለች፤ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ብትቀመጥም የእያንዳንዱን ስፌት መተርተር ትሰማለች፤ በሰማች ቁጥር መኪናዋን ታቆማለች። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ «መቼ ነው እንኳን ማርያም ማረችሽ የምንላት?» ብላ በእኔ በኩል ልትሰልል ሞከረች። ሌላ ልጅ ቢሆን ሕፃን ሊመጣ ነው ብሎ አሻንጉሊቱን ይደብቅ ነበር። እኔ አልተሞኘሁም። ልብስ ሰፊ ቤት ነው ያደግኩት፤ እርጉዝ ደንበኛ ስትለካ አይቻለሁ። የእርጉዝ ሆድ ወደ ፊት ነው የሚመጣው። የአክስቴ ወደ ግራ አጋድሎ ነበር፤ በአንድ በኩል ብቻ ጥጥ እንደተጎሰጎሰበት ትራስ።

ስለ ዳቦ ቤቷ ሴትዮ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ኋላ ያስፈልገናል። እናቴ ለዚህች ሴት ልብስ ሰፍታላት ጠቧት ነበር። ሴትዮዋ፣ «አጥብበሽ ሰፋሽው» አለች፤ እናቴ፣ «ዳቦሽን ቀንሺ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ለእኛ የሚደርሰን ዳቦ ሁልጊዜ የተቃጠለው ነው። እናቴ የተቃጠለውን ልጣጭ እየፋቀች፣ «ይቺ ሴት በሆዷ ቋጥራብኛለች። ጥርሷን ነክሳብኛለች» ትል ነበር። ስለዚህ በእኔ መዝገበ ቃላት መቋጠር ማለት ቂም መያዝ፣ ጥርስ መንከስ ማለት ደግሞ የቂም ክፉው ደረጃ ነው። ቦታው ሆድ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት አክስቴ ሸሚዝ እየሰፋች ድንገት መኪናዋ ላይ ድፍት አለች። አልጮኸችም። መርፌው በሸሚዙ ኮሌታ ላይ እየተመላለሰ ባዶውን ሲወጋ ነው የሰማነው። እናቴ ከወንበሯ እንዴት እንደተነሳች አላየሁም። ብቻ በአንድ እጇ አክስቴን በብብቷ ይዛ፣ በአንድ እጇ በሩን እየቆለፈች፣ «ለአክስትሽ ንገሪያት! ዛሬ ትሄዳለች በያት! ብትፈልግ ትንከሰኝ በያት!» አለች።

ሆስፒታል ደርሰን የማስታገሻ መርፌ ወጉላት፤ ሕመሙ ሲበርድላት አልትራሳውንድ ታዘዘላት። አልትራሳውንድ ክፍል በር ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ለአክስቴ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ ሰጥተው ጠጪ አሏት። ፊኛዋ ካልሞላ ሆዷ በደንብ አይታይም። ጠጣች። ተራዋ አልደረሰም። እግሯን አጣመረች፤ ፈታች፤ እንደገና አጣመረች።

«ለአክስትሽ ንገሪያት፣ ትንሽ ትታገስ በያት።»

«ለእናትሽ ንገሪያት፣ እሷ ጠጥታ ትሞክረው በያት።»

አጠገባችን የተቀመጡ ሰዎች እኔን በአዘኔታ ያዩኝ ጀመር።

ክፍሉ ጨለማ ነበር። ጥቁር መጋረጃ፣ ጠባብ አልጋ፣ ብርሃን ያለው አንድ ስክሪን ብቻ። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ወፍራም ሴት ናት፤ ማስቲካ ታኝካለች። እናቴ ቀደም ብላ «ሆዷን ሊያነቡላት ነው» ስላለችኝ ስሟን ሆድ አንባቢዋ ብዬ አወጣሁላት።

«ሸሚዝሽን ወደ ላይ፣ ቀሚስሽን ወደ ታች። ቅባቱ ይቀዘቅዛል፣ አትደንግጪ እህቴ።»

«ኡፍ!»

«አልኩሽ እኮ።»

ሆድ አንባቢዋ በእጇ የያዘችውን ነገር በአክስቴ ሆድ ላይ እንደ ካውያ ወዲያ ወዲህ ታንሸራትታለች። ስክሪኑ ላይ ዝናብ የያዘ ሰማይ የሚመስል ነገር ይናወጣል፤ ግራጫ፣ ጥቁር፣ ግራጫ። «ትንፋሽሽን ያዢ። ልቀቂ። ያዢ።» ከዚያ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። እሷ ማኘክ ስታቆም እናቴ መተንፈስ አቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይሄ?»

«ቆይቷል» አለች አክስቴ።

«ይህን ሁሉ በሆድሽ ይዘሽ ዝም ብለሽ ከረምሽ?»

አክስቴ ጣሪያውን አየች።

«ይኸውልሽ፤ ቋጥሯል። በግራ በኩል፣ በእንቁላል ማምረቻሽ ላይ ነው የቋጠረው። ጥቁሩ ውሃ ነው።»

ውሃ ማለቷን አልሰማሁም አልልም፤ ሰምቻለሁ። ያን ሁሉ ውሃ ጠጥታ ውሃ ባይታይ ነበር የሚገርመኝ። እንቁላል የሚለውም አልፎኛል፤ አክስቴ ዶሮ አይደለችም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ቃል ነው። ቋጥሯል! ሆድ የሚያነብ ማሽን አለ፤ አክስቴ በሆዷ ይዛ ዝም ብላ ከርማለች፤ ማሽኑ አጋለጣት። ማን ላይ እንደቋጠረች መጠየቅ አላስፈለገኝም። መቀሱን ያየሁ ልጅ ነኝ።

ሆድ አንባቢዋ በስክሪኑ ላይ ትንንሽ መስቀሎች እየተከለች ለካች። እንደ እናቴ ነው የምትለካው፤ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ደግሞ በአግድም። ከዚያ በሩን ከፍታ፣ «ዶክተር፣ ይሄን ቢያዩልኝ» አለች።

ዶክተሩ ገብቶ ሰላም ሳይለን ስክሪኑን ሰላም አለ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ በጣም ተጠጋ። «ይሄን ነጩን ተመልከቺ» አላት ለሆድ አንባቢዋ፤ «ከኋላው ጥላ ጥሏል። ድፍን ነው። ጥርስ ሊሆን ይችላል።»

«ጥርስ?» አለች እናቴ። «ሆዷ ውስጥ?»

«ያጋጥማል እናቴ። አብረዋት የተወለዱ ሕዋሳት ናቸው፤ ቦታቸውን ስተው ከረጢት ይሠሩና ውስጡ ፀጉር ያበቅላሉ፣ ስብ ያጠራቅማሉ፣ ጥርስም ያወጣሉ። ራጅ ትነሳ፤ ጥርስ ከሆነ ይታያል።»

«ክፉ ነው?» እናቴ ይህን የጠየቀችው በማላውቀው ድምፅ ነው።

«ከመልኩ ክፉ አይመስልም። ግን ወጥቶ ሳይመረመር እርግጠኛ ነኝ አልልም። ብርቱካን ያክላል፤ አንድ ቀን ከተጠማዘዘ ድንገት ይጥላታል። መውጣት አለበት።»

አክስቴ ቀና ለማለት ሞከረች። «ሌላውስ? የቀኙንም አብራችሁ ነው የምታወጡት?»

«ሲከፈት ነው የሚታወቀው» አለ ዶክተሩ፤ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ወጣ።

ራጁ ላይ ጥርሱ ታየ። እኔም አየሁት፤ በአክስቴ ዳሌ አጥንት መሀል የምታበራ ትንሽ ነጭ ፍሬ። እኔ ሁለት ጥርስ አጥቼ አፌን በእጄ ሸፍኜ ስዞር የአክስቴ ቂም ጥርስ አውጥቷል! ለአፍታ የእኔ ጥርስ ይሆን እንዴ ብዬም ነበር፤ ለካስ ያኛው መንጋጋ ነው።

እንግዲህ ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እኔ የማውቀው ይህ ነው፦ አክስቴ እናቴ ላይ ቂም ቋጥራለች፤ ቂሙ ብርቱካን አክሏል፤ ጥርስ ነክሷል፤ ክፉ ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሆዷን ቀደው ሊያወጡት ነው። አክስቴ የምታውቀው ደግሞ፣ ከማደንዘዣው ስትነቃ ልጅ መውለድ የምትችል ሴት ትሁን አትሁን ማንም እንደማይነግራት ነው። እናቴም የምታውቀው ነበራት። እናታቸው፣ እኔ ያልደረስኩባት አያቴ፣ እንዲሁ ሆዷ እየተነፋ፣ «ውፍረት ነው፤ ተዉኝ» እያለች፣ አንድም ማሽን ሳያያት ነው ያለፈችው። ይህን የነገሩኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ዝምታው ኩርፊያ ነበር የመሰለኝ። ፊት ለፊት ቢተያዩ እንደሚያለቅሱ ያውቁ ስለነበር ነው ለካ ጀርባና ጀርባ ሆነው በእኔ በኩል የሚላላኩት።

እኔ ግን መፍትሔው ወዲያው ታየኝ። ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ሰው የተቋጠረ ክር ሲያገኝ መጀመሪያ በጥፍሩ ይፈታል፤ መቀስ የሚያነሳው ሲያቅተው ነው። ቂሙ ከተፈታ ምን ይቀደዳል? መልእክተኛዋ ደግሞ እኔ ነኝ። መልእክቱን ማሳመር ነው።

በማግስቱ እናቴ፣ «ለአክስትሽ ንገሪያት፣ የማታውን መድኃኒት እንዳትረሳ በያት» አለችኝ። ወደ ኋላ ክፍል ገባሁ። አክስቴ ግድግዳ ይዛ ተኝታለች።

«አክስቴ፣ እማ ይቅር በይኝ ብላለች።»

ዞር አለች። «ምን?»

ቀለል ያለ ሆነብኝ መሰለኝ፣ ጨመርኩበት። «ከልቤ እወድሻለሁ ብላለች። ደግሞ... መቀሴን ውሰጂው፣ ያንቺ ነው ብላለች።»

አክስቴ ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠች። ደስ ይላታል ብዬ የጠበቅኩት ፊቷ አመድ ሆነ። «መቀሷን? ለእኔ?»

«አዎ። ለዘላለም።»

«ያን መቀስ?»

እኔ ሥራዬ የሰመረ መስሎኝ ወደ ፊተኛው ክፍል ሮጥኩ። «እማ፣ አክስቴ ሁሉንም ይቅር ብዬሻለሁ ብላለች። በሆዴ አንድም ነገር አልያዝኩም፤ ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ በያት ብላለች።»

እናቴ የያዘችው ሸሚዝ ከእጇ ወደቀ። «እሷ ናት እንዲህ ያለችው? በዚህ ቃል?»

«በዚሁ ቃል።»

እናቴ ወለሉ ላይ፣ ሰማያዊው ቁርጥራጭ ላይ ቁጭ አለች። «እማማም ልትሄድ ስትል ሁላችንንም ይቅር ብላ፣ አመስግና...» አለችና አፏን በሸሚዙ እጅጌ ያዘች።

ነገሩ እንዳልተሳካልኝ የገባኝ የኋለኛው ክፍል በር ሲበረገድ ነው። አክስቴ በሌሊት ልብሷ ቆማለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እናቴ ፊት ተናገረች።

«አልሄድም! ኦፕራሲዮኑ ይቅር። እንደማልድን እያወቃችሁ ለምን ታስቀድዱኛላችሁ?»

«ማን ነው የማትድኚ ያለሽ?»

«ዶክተሩ ለብቻሽ ምን ነገረሽ?»

«ምንም! ይልቅ አንቺ ምን ታውቆሽ ነው የምትሰናበቺኝ?»

«እኔ? አንቺ ነሽ እንጂ የተሰናበትሽኝ! መቀስሽን እኮ ሰጠሽኝ!»

እናቴ ከወለሉ ተነሳች። «እኔ? መቀሴን? አብጃለሁ?»

ከዚያ ሁለቱም፣ አንድ ላይ፣ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ማግኔቴን ይዤ መርፌ ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ገብቻለሁ።

የተመታሁትን እዘለዋለሁ፤ ለታሪኩ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ይህ ነው፦ የእኔ መልእክት ውሸት መሆኑ ቢታወቅም ፍርሃቱ ወጥቷል፤ ተመልሶ አልገባም። አክስቴ፣ «ያቺ የምታነበው ሴትዮ እንደገና አይታኝ፣ ከአፏ ካልሰማሁ አልቀደድም» አለች። እናቴ ታውቃታለች፤ አክስቴ አልሄድም ካለች በገመድም አትሄድም። ከቀጠሮው በፊት ሦስታችንም ያችው ጨለማ ክፍል ተመለስን። ዶክተሩም ነበር።

እንደገና ውሃው፣ እንደገና ቅባቱ፣ እንደገና «ኡፍ!»። ሆድ አንባቢዋ ይህን ጊዜ ስክሪኑን ወደ አክስቴ አዞረችላት።

«እይው ራስሽ። ይሄ ግድግዳው ነው፤ ስስ ነው፣ ለስላሳ ነው። ይሄ ድፍኑ ነው። አሁን ቀለም ላብራ፤ ደም በብዛት የሚመላለስበት ቢሆን ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ይቦግግ ነበር። ቦገገ?»

«አልቦገገም» አለች አክስቴ።

«ዶክተር፣ ይንገሯት።»

«ጥሩ ምልክት ነው» አለ ዶክተሩ። «መቶ በመቶ አልልሽም። የወጣው ተመርምሮ ነው የመጨረሻው ቃል። ግን እንደ እኔ ክፉ አይደለም።»

ሆድ አንባቢዋ እጇን ወደ ቀኝ አንሸራተተች። «ሌላም ላሳይሽ። ይቺ የቀኟ ናት። ትንሽ፣ ንጹሕ፣ አርፋ የተቀመጠች። ይቺን ማን ይነካታል?»

አክስቴ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ እጇን ከአልጋው ወደ ጎን ዘረጋች፤ «እትዬ» አለች፣ «አየሻት?» እትዬ ብላ ስትጠራት ከሰማሁ ዘመን ሆኖኝ ነበር። እናቴ እጇን ያዘች።

እኔ ግን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሳይጠየቅ ሊቀር ነው ብዬ ተጨነቅኩ። «ዶክተር፣» አልኩ፣ «አሁን ታርቀዋል። ቂሙ ለምን አልተፈታም?»

«የምን ቂም?»

«የቋጠረችው። ጥርስ የነከሰው።»

መጀመሪያ የሳቀችው አክስቴ ናት። በሞላ ፊኛ መሳቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ «ወይኔ፣ አታስቁኝ፣ ያመልጠኛል!» እያለች አልጋው ላይ ተንከባለለች። እናቴ ግድግዳውን ተደገፈች። ሆድ አንባቢዋ ማስቲካዋን ልትውጠው ደረሰች።

«የኔ ልጅ፣» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ይሄ ውሃና ሥጋ ነው የሚያሳየው። ቂም የሚያሳይ ማሽን ቢሆንማ ወረፋው እስከ ዋናው መንገድ ይደርስ ነበር። እኔም ሥራዬን ትቼ፣ ባሌን ይዤ አንደኛ እሰለፍ ነበር።»

የኦፕራሲዮኑ ቀን እናቴ እስከ በሩ ሸኘቻት። አልጋው ሊገባ ሲል ጎንበስ ብላ፣ «ደህና ከወጣሽ መቀሱ ያንቺ ነው» አለቻት።

«ባልወጣስ?»

«ካልወጣሽ ምን ያደርግልሻል?»

አክስቴ እየሳቀች ገባች። እኛ ውጭ ቀረን። እናቴ ሥራ ይዛ መጥታ ነበር፤ ቁልፍ ልትተክል። አንዱን ቁልፍ ስትተክል፣ ስትፈታ፣ እንደገና ስትተክል አየኋት፤ መጨረሻ ላይ ጨርቁ ቀዳዳ አበጀ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም የምለው አልነበረኝም፤ እናቴ ኋላ፣ «ያን ቀን የፈራሁት በእሱ ነው፤ አንቺ ዝም ስትይ» ብላኛለች።

ቀዳጁ ሐኪም ወጣ። ከረጢቱ ሳይፈነዳ ወጥቷል፤ ከግራውም ጤነኛውን ሥጋ አትርፈውላታል፤ የቀኙን የነካው የለም። በትንሽ ዕቃ ይዞ አሳየን፦ እንደ ቅቤ ቢጫ ስብ፣ የተጠቀለለ ጥቁር ፀጉር፣ በመሀሉ አንድ ጥርስ። እናቴ ፊቷን አዞረች። እኔ በደንብ አየሁት፤ ከእኔ የአፍ ጥርሶች ይልቅ የነጣ ነበር፤ ተናደድኩ። የላብራቶሪው ውጤት ግን ቆየ። እስኪመጣ ድረስ በቤታችን መኪናዎቹ ዝግ ብለው ነበር የሚሰፉት። መጣ፤ ክፉ አልነበረም። እናቴ ወደ ዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሄዳ የጠበባትን ቀሚስ ለማስፋት ስትወስድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ይህ ሁሉ ካለፈ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ሦስተኛውን መኪና ይዣለሁ። የቧንቧ ሠራተኛው ሱሪ ማሳጠር ትቶ አክስቴን አገባ። አሁን ጠረጴዛው ሥር ማግኔት ይዞ መርፌ የሚለቅመው የእነሱ ልጅ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። መቀሱ አሁንም የእናቴ ነው። አክስቴ ስታነሳባት፣ «ያንቺ ነው አልኩ እንጂ መቼ እንደምሰጥሽ አልኩ?» ትላታለች።

እዚህ ስደርስ ጽሑፉን አነበብኩላቸው። ጮክ ብዬ፣ ከመጀመሪያው። እናቴ ሰማያዊ ክር በጥርሷ እየበጠሰች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ አንዴ ብቻ፣ የእጅጌው ቦታ ላይ፣ መኪናዋን አቆመች። አክስቴ ግን ቀና አላለችም።

«እንግዲህ እመኑ፣» አልኳቸው፣ «እኔ ባልዋሽ ኖሮ እናንተ እስከ ዛሬ ጀርባና ጀርባ ነበራችሁ። ኦፕራሲዮኑም አይሳካም ነበር። ሆዳችሁን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

አክስቴ የመኪናዋን መርገጫ አስቁማ በትከሻዋ ላይ አየችኝ።

«ሆዴን የከፈተው ሐኪሙ ነው፤ አንቺ የከፈትሽው አፍሽን ነው። አሁን ዝጊውና ኮሌታውን ጨርሺ።»